ዘጠኝ ዓመት የመሰከርኩት

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሃያ ሦስት ጆንያ ሰፋሁ። ወገቤ የኔ አይመስልም።

ፓስተር ኪዳነወልድ እህል በረንዳ ድረስ መጡ... ያውም ነጭ ጫማ አድርገው። የክርስቲያን ጸሐፊዎች ጉባኤ አለ፣ ሦስት ቀን፣ አብነት አጠገብ ባለ አዳራሽ። «ምስክርነትሽን ጽፈሽ ነይ። መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያንቺ ነው» አሉኝ። ጥቅሙንም ዘረዘሩልኝ፦ አጻጻፍ ትማሪያለሽ፣ የሚያርምልሽ ሰው ታገኛለሽ፣ እምነትሽ ይጠነክራል። በሆዴ ባይጠነክርስ አልኩ። በአፌ «እሺ ፓስተር»።

ከጎኔ ወንፊት የምትሸጠው መሊካ ሰምታን ኖሯል። «የሙናዊርም ስም ይገባበታል?» አለች። ሙናዊር ወንድሟ ነው፣ ጆንያ ደርዳሪ የነበረ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ መጋዘን ውስጥ የስንዴ ክምር ተንዶበት የሞተው። «ይገባል» አልኳት።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ለመጻፍ ተቀመጥኩ። በቃሌ የማውቀው ነገር አይደል? «መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። አንድ ድምፅ ‹ባይነሽ፣ ውጪ› አለኝ። ወጣሁ። ክምሩ ተናደ። እግዚአብሔር አተረፈኝ።» አለቀ። አምስት መስመር አይሞላም። መድረክ ላይ ሳወራው እኮ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

ወረቀቱን አጥፌ መቀነቴ ውስጥ ከተትኩት።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ፓስተር በምእመኑ ፊት አስነሱኝ። ቅዳሜ በጉባኤው መዝጊያ አነባለሁ። «ያቺን ጎረቤትሽንም ጋብዣት፣ ትስማ» አሉ። ሰው አጨበጨበ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ሳልጋብዛት መሊካ ራሷ ጠየቀችኝ። «እመጣለሁ» አለች። ወንፊቷን እያራገፈች ደግሞ፦ «ባይኔ፣ አንቺን አምላክሽ በስምሽ ጠራሽ። እሱን ማን ጠራው?»

ያኔ አገር ምድሩ «ጆንያውን አጣሞ ደርድሮ በራሱ ላይ ጣለው» ነው ያለው። እናቱ እትዬ በድሪያ ወሎ ቁጭ ብለው ዘጠኝ ዓመት ይሄንኑ ይሰማሉ። ልጁ ሞቶ፣ ሥራ አያውቅም ተብሎ።

መልስ የለኝም አልኳት። አለኝ እኮ። እሱ ነው ጣጣው።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ጉባኤው ተጀመረ። አስተማሪያችን ሀና ትባላለች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ጽሑፌን አነበበችና እርሳሷን አስቀመጠች።

«ድምፁ የወንድ ነው የሴት?»

«...እንጃ።»

«ከየት በኩል መጣ? ከላይ? ከስር?»

ከስር ነው። አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

«ከወጣሽ በኋላ ወዴት ሄድሽ? ምን ልታደርጊ?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም። ሻይ ዕረፍት ደረሰልኝ። «ሰው ሲያወራ ይዘለላል፣ ሲጽፍ ግን ቀዳዳው ይታያል» አለችኝ ስንወጣ። ነገ እንዳልሄድ አሰብኩ። ታመምኩ ብል ማን ይመረምረኛል?

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ሄድኩ። ጻፍኩት።

ድምፅ ነበረ። የስንዴ ድምፅ። ሽር... ሽር... የሚል። ጆንያ ሰፊ ያንን ድምፅ አትስተውም። ከስር ካሉት ጆንያዎች ያንዱ አፉ ተተርትሯል። እኔ የሰፋሁት ነው። ያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ድርብ መስፋቱን ትቼ በነጠላ ለቅቄዋለሁ። የመጋዘኑ ባለቤት ጋሼ ዱባለ «ሌላ ጆንያ ቢፈታ እዚህ እንዳላይሽ» ካሉኝ ሳምንት አልሞላም። ሳያዩ ልስፋው ብዬ መርፌና ሲባጎ ላመጣ ወጣሁ።

ሙናዊር ክምሩን ተደግፎ ዳቦ ይበላ ነበር። «ወዴት?» አለኝ። «መጣሁ» አልኩት።

ተነስ ማለት ስንት ቃል ነው? አንድ። አላልኩትም። ተነስ ብለው ‹ለምን?› ይለኛላ፣ የተፈታው ጆንያም ይታወቅብኛላ።

በር ላይ ሳለሁ ተናደ። «ምን አወጣሽ?» ሲሉኝ «ውጪ የሚል ድምፅ» አልኩ። የዋሸሁት አንዴ ነው፣ የቀረውን ሰው ነው ያሳደገው... አይ፣ ይሄም ውሸት። ያሳደግኩት እኔ ነኝ።

እህቱ ነገ እንደምትመጣ ለሀና ነግሬያታለሁ። አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከዚያ፦ «እህቱ ታውቃለች?»

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

መሊካ መጣች። ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥቁር ሻርፗን ተከናንባ። ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ፣ ግን ወደ መድረኩ አልሄድኩም። እጇን ይዤ ወደ ግቢው አወጣኋት። ሺ ሰው እያያት እንድትሰማው አልፈለግኩም።

አነበብኩላት። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችና በእግሯ ወደ መሳለሚያ አቅጣጫ ሄደች።

ጉባኤው ሲዘጋ ፎርም አስሞሉን። «ከጉባኤው ያገኙት ጥቅም?» ብዙ ቦታ ሰጥተዋል። እስኪሪብቶውን ይዤ ቆየሁና ባዶውን መለስኩት።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

የመሊካ ሱቅ ዝግ ነው።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ዝግ። አጎቷ ጀዋር መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። ትልቅ ሰውዬ ነው። አየኝ፣ የያዝኩትን መርፌ አየ፣ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ሰፋሁ። ፈራሁ። ምን አባቴ ልሁን?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ወሬው ደርሷቸው ፓስተር ደወሉ። «ምዕራፉ ይቅር፣ ሰው ይሰናከላል» አሉ። ጋሼ ዱባለም ሰምተዋል። ከነገ ወዲያ እቃዬን እንዳወጣ ልከውብኛል። እንደፈራሁት ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

መሊካ መጣች። ሰላም አላለችኝም። «ለእናቴ ነገርኳት። አላመነችኝም። ከራሷ አፍ ልስማ ትላለች» አለች። ደወለችና ስልኩን ጆንያው ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ በድሪያ... ባይነሽ ነኝ።»

«ልጄ አጣሞ ነው የደረደረው?»

«አይደለም። ቀጥ አድርጎ ነው የደረደረው። የተፈታው እኔ ያበላሸሁት ጆንያ ነው። ሲፈታም ሰምቼ ዝም አልኩት።»

ዶሮ ይሰማል በስልኩ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት።

ሲያለቅሱ ሰማሁ። ከዚያ ስልኩን ራቅ አድርገው መጣራት ጀመሩ። «ኑ! ጎረቤቶቹን ጥሩልኝ! ሁሉም ይምጣ!» ተመልሰው፦ «ቆይ፣ እንዳትዘጊው። ሲሰበሰቡ ለሁሉም ትነግሪልኛለሽ» አሉኝ።

መሊካ ስልኩን አላነሳችውም። እኔም መርፌዬን አስቀመጥኩ። የእግር ኮቴው እየበዛ፣ ቤቱ ሲሞላ ይሰማኛል። ጠበቅኩ። ዝም ሲሉ ስሜን ተናግሬ ጀመርኩ።