በስምሽ የከፈትኩት ኩባንያ

ላኔሊ፣ ዌልስ
ኖቬምበር 14 ቀን 2023

ለምወድሽ ልጄ ለሎውሪ፣

ከነባልሽ እንዴት ሰነበታችሁ? ኒውዚላንድ በጋው ሊገባ ነው አሉ፤ እዚህ ዝናቡ አላባራ ብሏል። እኛ ደህና ነን፤ እናትሽን ብቻ ጉልበቷ ያስቸግራታል።

እሁድ ዕለት ስልኩን ከእናትሽ እጅ ስነጥቅ ሳይገርምሽ አልቀረም። «ስምሽን ስለሰጠሽን ተባረኪ የኔ ልጅ» ስትልሽ፣ አንቺ «የምን ስም?» አልሽ። እኔ «መስመሩ አይሰማም!» ብዬ ዘጋሁት። መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ኩባንያ እንዳልመራ መታገዴን ታውቂያለሽ፤ ምክንያቱን ግን አሳምሬ ነው የነገርኩሽ። «ወረቀት ላይ ስህተት ተገኘ» አልኩሽ። የምን ስህተት! በወረርሽኙ ጊዜ አውቶቡሶቻችን ግቢ ውስጥ ተገትረው ሳለ፣ ባንኮች መንግሥት ዋስ የሆነበትን ብድር ይሰጡ ነበር። የድርጅታችንን የዓመት ገቢ ከእውነተኛው አራት እጥፍ አድርጌ ሞላሁ። ጠያቂ አልነበረም፤ ሃምሳ ሺህ ፓውንድ ወዲያው ገባልኝ። ለሹፌሮች ደመወዝ የተባለው ገንዘብ ከጓሯችን ያለው የመስታወት ክፍል ሆነ። ሃያ ዓመት የነዳልኝን ኢድዋልን «እጄ ላይ ሳንቲም የለም» ብዬ አሰናበትኩት። ኩባንያው ሲከስር የመንግሥት መርማሪዎች ሁሉን ደረሱበት፤ ዘጠኝ ዓመት አገዱኝ፤ ስሜም በጋዜጣ ወጣ።

ታዲያ አርፌ ብቀመጥ ምን ነበረበት? በሰኔ ወር አዲስ ኩባንያ ከፈትኩ። ዳይሬክተሯ አንቺ ነሽ፤ ሳልጠይቅሽ። ስምሽንና የልደት ቀንሽን በኮምፒዩተር ሞላሁና አለቀ፤ የዳይሬክተር ስም ደግሞ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ያየዋል። ለእናትሽ «ሎውሪ ደስ ብሏት ፈቀደች» አልኳት። ምስኪን፣ እንባዋ መጣ።

ቅዳሜ ራግቢ ክበብ ስገባ፣ ያ ቧንቧ ሠራተኛው ግሊን ብርጭቆውን እንደያዘ «ኤምሪስ፣ አለቃህ ሎውሪ ዛሬ ፈቃድ ሰጠችህ? ወይስ አውቶቡሱን ከኒውዚላንድ ሆና ነው የምትነዳው?» አለኝ። ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እኔም «ኧረ እሷ ኃይለኛ ናት፤ ካረፈድኩ ደመወዜን ትቆርጣለች» ብዬ አብሬ ሳቅኩ። በልጄ ስም አብሬ ሳቅኩ! ወጥቼ ዝናብ ላይ ስቆም ገና ፊቴ ላይ ሳቁ ነበር። እንደዚያ ቀን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

በማግስቱ ደግሞ የእናትሽ ምርቃት መጣ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም፤ ትናንት ላገደኝ መሥሪያ ቤት ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ታግዶ በሌላ ሰው ስም ተከልሎ መሥራት ወንጀል ነው፤ ለኔ እስር ሊሆን ይችላል። አውቆ ስሙን ያዋሰም አብሮ ይጠየቃል፤ እሱም ይታገዳል። «ልጅዎን እናነጋግራታለን» አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ይደውሉልሻል። ለእናትሽ ዛሬ ከእራት በኋላ እነግራታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለማውቅሽ ነው። «አይዞህ አባዬ፣ ፈቅጄለት ነበር እላቸዋለሁ» ትያለሽ። እኔም ፈሪው «እሺ» እልሽ ነበር፤ ራሴን አላምነውም። አንቺ ደግሞ የራስሽን ክሊኒክ ልትከፍቺ ነው፤ በኔ ጦስ ስምሽ እንዳይነካ።

አደራሽን፣ እንዳትሸፍኚኝ። «አላውቅም ነበር፤ አባቴ ሳይነግረኝ ነው ያደረገው» በያቸው። «አባቴ» ማለቱ ካሳፈረሽ «ኤምሪስ የሚባል ሰውዬ» በይ፤ አልቀየምሽም።

እግዚአብሔር ቤትሽን ይባርክ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ።

ኤምሪስ