የዋንጫው ጨዋታ እንዳያድር

ሽሮ ሜዳ፣ ጉለሌ
እሑድ፣ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለቤዛብሕ፣ ኦሳካ

እኔ ሚልካ ጌጡ፣ በሙሉ አእምሮዬና ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ለእማዬ የላክህላትን አረንጓዴ ከረሜላ ሙልጭ አድርጌ የጨረስኩት እኔ ነኝ። «የቶንሲል መድኃኒት ነው፤ ትልቅ ሰው ከወሰደው ያዞራል» ብያት አመነችኝ። እንዲያውም ማታ ማታ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» እያለች ታስታውሰኝ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ። አንተ ግን ሌላ ላክ።

ይህን የምጽፍልህ አባዬ ሽመና ቤት፣ ሲሠራ እግሩን የሚሰድበት ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ከላዬ ድሩ ተወጥሯል፤ ከበሩ ሆኖ የሚያይ ሰው አያየኝም። ያልደወልኩልህ ድምፄን ከሰማህ ስለምታውቅብኝ ነው። ወረቀቱንም ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ዶሮ የጫረው እንዳይመስልህ።

ቤዚ፣ ፈርቻለሁ። ትናንት በዋንጫው ጨዋታ የወረወርኩት ኳስ የዊንጌቱን ኤርሚን ጭንቅላቱን መታው። ሆስፒታል ነው። እስካሁን አልነቃም።

ከሥሩ ልንገርህ። አንተ የቤዝቦል ቡድኖቹን አቋቁመህ ስትሄድ የተውክልን ደንብ ግልጽ ነበር፦ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በሦስት ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ፤ ሁለቱን ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ዘንድሮ አንደኛ የወጣነው እኛ ነን። ዓመቱን ሙሉ የሚቀርበን አልነበረም፤ ዊንጌቶች በስንት መከራ ሁለተኛ ሆኑ። ከዚያ ሜዳውን የሚያስፈቅዱልን ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው ማን መሰለህ? የኛው አባት፣ ቤዝቦልን «ዱላ ይዞ ማንንም ሳይመቱ የመሸሽ ጨዋታ» የሚለው የተከበረው ጌጡ።

«ሦስት ቅዳሜ?» አለ አባዬ። «ሁለት ሰፈር ተፋጦ፣ ተሰዳድቦ፣ ከዚያ ሳምንት ይደር? ጠብ አያድርም። በአባቶቻችን ወግ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨረሳል።»

«አባዬ፣ ይሄ ጠብ አይደለም፣ ጨዋታ ነው።»

«ዱላ ይዛችኋል አልያዛችሁም?»

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዱላ ካለማ ምን ክርክር አለው!

እኔ መች ዝም እላለሁ። «አንድ ቀን እኮ ማንም ሊሸነፍ ይችላል» አልኳቸው። «ሆዱን የቆረጠው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ንፋስ የዞረበት ሁሉ ይሸነፋል። ዓመቱን ሙሉ የለፋነው በአንድ ከሰዓት ሊፈርስ ነው? ወንድሜ ያለበት አገር እኮ አንደኛ የወጣው ቡድን፣ ለመጨረሻው ዋንጫ ለማለፍ በሚደረገው ፍልሚያ ላይ አንድ ድል ተመርቆለት ነው የሚጀምረው።» አንተ የነገርከኝን ቃል በቃል ነው ያልኩት።

ዳኛችን ጋሽ ዓለሜ በሳቅ ሞቱ። «ሳይጣላ ካሳ የሚቀበል!» አሉ። አባዬ ግን አልሳቀም። «ሽማግሌ ሆኖ ለአንዱ ወገን አስቀድሞ የፈረደ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

አላየሁም። ከስብሰባው ወጥቼ ነው መልሱ የመጣልኝ፦ ያ ድል አድልዎ አይደለም፣ የለፋንበት ደሞዝ ነው። መልስ ሁልጊዜ ለምን በር ላይ እንደሚመጣ አላውቅም።

ኤርሚ ደጅ ቆሞ ሲያዳምጥ ነበር። ታውቀዋለህ፤ ልወረውር ስል «የሸማኔ ልጅ፣ ኳስ ነው ጥጥ?» እያለ የሚያበሽቀኝ። እኔም «ጥጥ ከሆነ ለምን አትመታውም?» እለዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ሳይቀልድ «ሦስቴ ከተጋጠምን እኮ ታሸንፉናላችሁ» አለኝ። «አንዴ ከሆነ ግን ማን ያውቃል? ለደካማም አንድ ቀን ይገባዋል፣ ሚልካ።» እውነት ለመናገር ለዚህ መልሱ በር ላይም አልመጣልኝም።

ትናንት ተጫወትን። እኩል ለእኩል። ተጨማሪ ዙር፣ እኩል። ሌላ ዙር፣ አሁንም እኩል። አባዬ ደስ ብሎት ተነሣና «ይኸው ታረቃችሁ! ዋንጫውን ተካፈሉ» አለ። ሁለቱም ቡድን በአንድ ድምፅ ጮኸበት፤ ዋንጫ እንደ ዳቦ አይቆረስም! ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ወዲያው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥላ ሜዳውን ዋጠው። ኳሱም ቀይ አፈር ጠጥቶ መሬት መስሏል። ሮጬ ሄጄ «አባዬ፣ መሽቷል፤ ነገ እንጨርሰው» አልኩት።

«አያድርም» አለ።

የመምታቱ ተራ የኤርሚ ሆነ። ሌላ ስላጣን የምንጠቀምበት ሄልሜት የሞተር ሳይክል ነው፤ መስታወቱ ጥቁር ነው። ኤርሚ አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠው። «በሱ ጭራሽ አይታየኝም» አለ። «ሚልካ፣ አለሽ እዚያ?»

«አለሁ። አንተስ አለህ?»

«ወርውሪ እንጂ ልጄ፣ ሊመሽ ነው!» አሉ ጋሽ ዓለሜ። ሊመሽ! አጠገባቸው ያለውን ሰው በስሙ ጠርተው ነበር የሚለዩት።

ቀስ አድርጌ መወርወር እችል ነበር። ቤዚ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አንተም አትጠይቀኝ። ድምፁን ብቻ ነው የሰማሁት። ዱላ ሲመታ እንደዚያ አይልም።

አሁን ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ውስጥ ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ለምለም ሣር በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። በወጋችን የበደለ ወገን ሣር ይዞ ይሄዳል፤ የተበደለው ሣሩን ከተቀበለ ሰላም ነው፤ አንተም ትዝ ይልሃል። የኤርሚ እናት ወይዘሮ እፀገነት ግን ወጋችንን አያውቁም። ለበግ ያመጣንላቸው ቢመስላቸውስ? ደግሞስ «ልጄን መልሱልኝ» ቢሉስ? ለዚያ የሚሆን ሣር የለም።

ጋሽ ዓለሜ ኮታቸውን ገልብጠው ለብሰው መጥተዋል፤ የነገራቸው ሰው የለም። ሌላ ቀን ቢሆን ሳምንት እስቅበት ነበር። ትናንት ሁሉን ያውቁ ነበር፤ ዛሬ እማዬ በወጣች በገባች ቁጥር ቀና እያሉ ፊቷን ያነባሉ። ሐኪሙ እስከ ቀትር ካልነቃ ሌላ ሆስፒታል እንወስደዋለን ማለቱን በግድግዳው ስንጥቅ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አባዬ ሣሩን በእጁ ሲያገላብጥ ነው። እኔም መጸለይ ስጀምር «ጌታ ሆይ» ከሚለው አላልፍ አልኩ። እኔ፣ ለምግብ ጸሎት ወጡ እስኪበርድ የማስረዝመው!

የውጭ በር ተንኳኳ።

ቤዚ፣ የኤርሚ እናት ናቸው። ብቻቸውን። ወደሳቸው ሊሄዱ የተሰናዱት ሽማግሌዎች ሳይነሡ፣ ራሳቸው መጡ። በስንጥቁ እያየሁ ነው የምጽፍልህ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። የሐዘን ነው? ወይስ በጥድፊያ ነው? እኔ እንጃ።

«ልጅቷስ?» አሉ።

አባዬ ሣሩን እንደያዘ ተንበረከከ። አባዬ ከጸሎት ቤት ውጭ ሲንበረከክ አይቼው አላውቅም። «መሽቷል ብላኝ ነበር» አላቸው። «ጨርሱት ያልኩ እኔ ነኝ። ልጄን ይተዉልኝ፤ እኔን ይያዙ።»

ሣሩን አልተቀበሉም። እጃቸው መነሣቱንም አላየሁም። እማዬ ወደዚህ እየጠቆመች ነው። ለምን ትጠቁማለች?

ቤዚ፣ ጌታ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምልህ፤ የሰው አገር ሰው ይሁንህ። ያላለቀውን ጸሎቴን አንተ ጨርስልኝ። የሚመጣው ምንም ይሁን ምን፣ ክፉ ነበረች አትበለኝ።

የምትወድህ እህትህ፣
ሚልካ

በሩ ተከፈተ። የሴት እግር ነው። የኤርሚ እናት ድሩ ሥር ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ከልቅሶ ብዛት አብጧል፤ ሣሩ ግን በእጃቸው ነው።

«ሚልካ!» አሉኝ። «ተነሺ፣ እንሂድ። ኤርሚ እየጠራሽ ነው።»