ካርታው ላይ ያልገባው የኋላ ክፍል

ውድ ባለቤቴ ኪሮስ፣

ከተለየኸን በዚህ ግንቦት ዘጠኝ ዓመት ይሞላል። ስትሄድ ፊደል አልቆጠርሁም ነበር፤ በአልማዝ የትምህርት መጻሕፍት ራሴን በራሴ አስተማርሁ። ልጃችን ዛሬ ወልድያ መምህርት ናት። ሰፈራችን ቆርቆሮ ለብሷል፤ ቤቱ ከመጠጋጋቱ የተነሣ ግን አህያ ከነጭነቷ አታልፍም።

የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። በመጋቢት ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ቤት ለቤት መዘገቡ። እሳት ቢነሣ የውሃ ቦቴ በየት እንደሚገባ፣ በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ በስንት በር እንደሚወጣ የሚያሳይ ካርታ ሊሠሩ ነው። ደስ አለኝ። ሰፈሩ ግን ዋሸ። ሳናስፈቅድ የሠራነውን ያፈርሱብናል ብሎ የኋላ ክፍሉን ያልሸሸገ የለም። ጎረቤታችን ለተብርሃን ሦስት የልጅ ልጆቿ የሚያድሩበትን ክፍል፣ “ባዶ ጎተራ ነው፤ ከአይጥ በቀር ነዋሪ የለውም” ብላ አሳቀቻቸው። መዝጋቢው ገብቶ እንኳ አላየም። ከትከሻው በላይ አነበብሁት፦ “ሰው የማያድርበት።” እኔም ዝም አልሁ።

ዝምታ ለምጄ ነው። ያኔ የቀበሌ መዝጋቢ ሊመጣ ነው ሲባል፣ አንተ እርሻ ውለህ ሳለ፣ ሳናስፈቅድ የከፈትነው የኋላ በራችን እንዳይታይ ጭድ ከምሬ በድንጋይ የደገፍሁት እኔ ነኝ። መዝጋቢው ሄደ፤ እኔ ነገ አነሣዋለሁ ብዬ ተውሁት። በማግስቱ ማድ ቤቱ ተቀጣጠለ። እናትህን ተሸክመህ አወጣህ፤ ለጥጃዋ ተመልሰህ ገባህ፤ የፊቱ ጣሪያ ወደቀ። የተገኘኸው ከኋላ በር ሥር ነው። ለቀስተኛው የእግዜር ሥራ ነው አለ። እኔም እንዲያ እንዲሉ ተውኋቸው።

መዝጋቢዎቹ ከሄዱ በኋላ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ፤ ከዚያ ለተብርሃን ደጅ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋት። አለቀሰች። ወዲያው ደግሞ፣ “ባልሽን ገድለሽ እኔን ቤት አልባ ልታደርጊ ነው?” ብላ በሩን ዘጋችብኝ። በሁለተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። “ነይ፣ መልሼ ሳልፈራ እንሂድና እናስመዝግበው” አለችኝ።

መሥሪያ ቤቱ ስንደርስ ካርታው አልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእሷን ክፍል ባዶ ነው ይላል። ኃላፊው “እናቴ፣ አንዴ የታተመ አይነካም” አለኝ። ሦስት ሕፃናት የሚያድሩበትን ክፍል የማያውቅ ካርታ ለማን ነው? ሰኞ ኑ አሉን፤ ሰኞ ሄድን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በሚቀጥለውም ሰኞ ስብሰባ ላይ ነው። ለተብርሃን ታክቷት ቀረች። እኔ አልቀርም።

አልማዝ ለሙት ዓመትህ ስትመጣ ጭዱን ማን እንደከመረው እነግራታለሁ። ትቆጣኝ። አንተን ግን በሙት ዓመትህ ብቻ አላስብህም፤ ያንን ክፍል እስኪጽፉት ድረስ፣ ሰኞ ሰኞ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬም አስብሃለሁ።

ባለቤትህ ዝማም