ለቆዳ የተሰጠኝን ክኒን ቆዳዬ ላይ ስለ መቀባቴ

አቃቂ፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ወልደገብርኤል፣
የፋብሪካችን የሠራተኛ አስተዳደር ሹም
(አላፊ አግዳሚም እንዲያነበው በፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈ)

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የሽመና ክፍል ሠራተኛዎ ጠጄ ቡልቻ፣ ጉዳይሽ እስኪጣራ ቤትሽ ተቀመጪ ካሉኝ ቀን ጀምሮ ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ አርፌአለሁ፤ ማረፉን አልቻልኩበትም እንጂ። የፋብሪካው ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር ብድግ እላለሁ፣ ሽርጤን እታጠቃለሁ፣ እስከዚህ በር መጥቼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። እናቴ ልጄን ምን ነካብኝ እያለች ነው። ሠላሳ ቀን ሲሞላ የሽመና መኪናዬ ለዘለቄታው ለሌላ ሰው ይሰጣል ስለተባለ፣ አራት ቀን ብቻ የቀረኝ ሰው ነኝና ብቁነጠነጥ አይፍረዱብኝ።

ክሱ፣ ፊቴን የምቀባው ቅባት ከእጄ ወደምሸምነው አቡጀዲ እየተላለፈ ቡናማ እድፍ አድርጎበታል የሚል ነው። ቅሬታዬን በትሕትና እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፦ የጥጡ ብናኝና የክፍሉ ሙቀት ፊቴን አቁስሎት ወደ ክሊኒካችን ብሄድ፣ ድሬሰሩ አቶ ፀሐዩ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒን ሰጡኝና፣ ቪታሚን ሲ ነው፣ ለቆዳ ነው ብለው ቀጣዩን ተረኛ ጠሩ። እኔ አማርኛን በአቃቂ ገበያ የተማርኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በገበያው አማርኛ ለሆድ የተባለ ይዋጣል፣ ለቆዳ የተባለ ይቀባል። ዋጪው የሚለው ቃል እኮ ከአገር አልጠፋም ነበር! ጊዜዬን ላለማባከን ላሳጠሩልኝ ንግግር ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

ሁለተኛ፦ የቀረውን ያስተማረኝ የገዛ ፊቴ ነው። መጀመሪያ አምስት ፍሬ ወቅጬ በአንድ ማንኪያ ውሃ በጥብጬ ብቀባው፣ ሚጥሚጣ የነካኝ ያህል አንገበገበኝ፤ እሪ ብዬ ታጠብኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ አንድ ፍሬ አወረድኩትና ከሳሪስ የገዛሁትን ግሊሰሪን ጨመርኩበት። ጥቂት ቀን ሲያድር ሻይ እየመሰለ እንደሚሄድ፣ ሻይ ከመሰለ በኋላም እንደማይረባ ስላየሁ፣ ለሦስት ቀን የሚበቃኝን ብቻ በጥቁር ጠርሙስ አዘጋጅቼ ከፀሐይ እሸሽገዋለሁ። በቅባቱ ይሁን በጊዜው አላውቅም፣ ፊቴ ግን ቀለለው። ለመድፋት ረስቼው ከፋብሪካው ሣጥኔ የተገኘው ጠርሙስ ውስጡ ሻይ መስሎ ስለታየ፣ ሻይ የመሰለ እድፍ ሁሉ የጠጄ ነው ተብሎ ተፈረደ። ለዚህ ጥልቅ ምርመራ ሹመት ይገባዎታል እላለሁ።

ሦስተኛ፦ እድፉን ያጠበው ሰው የለም። እኔ ግን ያንኑ ሻይ የመሰለ ቅባት በነጭ ነጠላዬ ላይ አፍስሼ ወዲያው ባጥበው በውሃ ብቻ ለቀቀልኝ። አጠገቤ የምትሠራው ሐጀራ ከቆሻሻ መጣያው አንሥታ ያመጣችልኝ ያደፈው የአቡጀዲ ቁራጭ ግን ሳሙና ቢፈተግበትም ንቅንቅ አላለም፤ ደግሞ ዘይት ዘይት ይሸታል። ይህንኑ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ቆምኩ፤ ወረቀት እየፈረሙ ነበርና ቀና አላሉም። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ስምንት ዓመት በሠራሁበት መኪና ላይ አንድ ክር ሲበጠስ ድምፁን ለይቼ የምነሣ ሴት፣ ዛሬ ከአጥር ውጭ ቆሜ የሌላ ሰው እጅ ሲነካው እሰማለሁ፤ ይህ ያንገበግበኛል፣ ከአምስቱ ፍሬ የባሰ።

አራተኛውን ቅሬታ ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ ወረቀቱ ስላለቀብኝ ከልብዎ ይጨምሩበት።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ ሳይሆን ጊዜዬን ስለወሰዱልኝ እያመሰገንኩ፣ ፊቷ የዳነ፣ እጇ ሥራ የፈታ፣ ለጊዜው በበርዎ ላይ ተመላላሽ የሆነች ታዛዥዎ፣

ጠጄ ቡልቻ፣ የሰባት ቁጥር መኪና ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ሐጀራ ትናንት እንደነገረችኝ፣ ባለፈው ሳምንት ከሰባት ቁጥር መኪና ሁለት ጣቃ አቡጀዲ በዚያው እድፍ እንደተበላሸ ወጥቷል። እኔ ቤቴ ነበርኩ። እንግዲህ መኪናው በስውር ፊቱን ምን እንደሚቀባ ተጠርቶ ይጠየቅልኝ፤ ጉዳዩ እስኪጣራም እንደ እኔ ቤቱ ይቀመጥ።