በሻምበል ሳንባ ላይ የታዩት ሁለት ነጥቦች

ሐሙስ
ዛሬ አሥራ ሰባት ጊዜ አሳለ። ከማለዳ እስከ ማታ ቆጥሬያለሁ። ውሻዬ ሻምበል አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለውሻ ሽምግልና ነው። ሳሉ ወር አለፈው። ደረቅ ሳል፣ ትኩሳት የለም፣ ምግብ ይተዋል፣ ጎድኑ ይቆጠራል። ጎረቤቴ ሐጂ እንድሪስ፣ የማሾ ማሳቸውን ከከርከሮ የሚጠብቅላቸው ሻምበል ነውና፣ በአጥር ላይ ሆነው ይጠይቁኛል። "አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" ይላሉ። አፉን ከፍቼ አየሁ። አጥንት የለም።

ዓርብ
የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ዶክተር ሰላም ቀደም ብላ የትላትልና የሳንባ ምች መድኃኒት ሰጥታው ነበር፤ አልለወጠውም። ዛሬ ደረቱን አዳመጠች። "የሳንባ ካንሰር ውሻንም ይይዛል። በማዳመጥ ብቻ ግን አይታወቅም፤ ራጅ ይነሳ።"

የእንስሳት ራጅ እዚህ የለንም። ወደ አንድ የሰዎች ክሊኒክ ደወልኩ። የራጅ ባለሙያው የታማሚውን ዕድሜ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ አልኩት።
"ልጅ ነው እንግዲህ፤ እናቱ ትያዘው።"
ውሻ ነው ስለው፣ "ጋሼ፣ እሑድ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ያምጡት። ጠረጴዛውን ግን የሚያጥቡት እርስዎ ነዎት።"

ቅዳሜ
ሃያ ሁለት ጊዜ አሳለ። ሙቀቱም ሳያግዝ አልቀረም።

እሑድ
የባጃጁ ሹፌር ውሻ አልጭንም አለ። ሐጂ "ከእኔ ጋር ነው" ሲሉት ተወው። ሽርጣቸውን ሰብስበው ጥግ ያዙና ወደ እኔ ዞሩ። "ምራቁ ከነካኝ፣ ይህን ሽርጥ ሰባት ጊዜ የምታጥበው አንተ ነህ!"

የራጁ ፊልም ላይ ሁለት ክብ ነጥቦች ታዩ፤ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ ሽምብራ ያህላል። ፎቶ አንስቼ ለዶክተር ሰላም ላክሁላት። መልሷ አጭር ነው፦ "ሁለት ከሆኑ ተሰራጭቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ነገ ይምጡ። እንዳይሠቃይ በመርፌ ማሳረፉንም ያስቡበት።"

ጠረጴዛውን አጠብኩ። ከዚያ በኋላ ከመርፌው ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሰኞ
መርፌው ትሪ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዶክተር ሰላም ግን መጀመሪያ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው፤ ከዚያ ደረቱን በጣቶቿ ዳበሰች።
"ከራጁ በፊት መዥገር ለቅማችሁለት ነበር?"
አልለቀምንም። በዚህ ቆላ መዥገር የሌለው ውሻ የት አለ? ማን ልብ ይለዋል? ከግራ ብብቱ ሥር ደም ጠጥቶ ያበጠ፣ ልክ ሽምብራ የሚያህል አገኘች።
"ቆዳ ላይ ያለ ነገር በራጅ ሲታይ ሳንባ ውስጥ ያለ ይመስላል" አለች። ነቀለችው።
ሐጂ ከበሩ ላይ፣ "በመዥገር ፍርድ ልትገድሉት ነበራ!" አሉ።

ማክሰኞ
ራጅ እንደገና ተነሳ። ሽምብራው የለም። ባቄላው አለ።

ዶክተር ሰላም እንደነገረችኝ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ዕጢም፣ የቆየ መግልም ሊሆን ይችላል። እርግጡ የሚታወቀው ከቦታው በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው፤ ያን ደግሞ እዚህ አይሠሩም። ከወር በኋላ ራጅ ይነሳና ነጥቡ ይለካል። ካደገ ስለ ማሳረፊያው መርፌ እንነጋገራለን። ካላደገ ሻምበል ይኖራል።

ሳል፦ አሥራ አራት። መረቁን ጨረሰ። ሐጂ በአጥር ላይ፣ "ከርከሮው ትናንት ገብቶብኛል፤ ሻምበል ፈቃድ ላይ ነው እንዴ?" አሉ።

ወር ሙሉ ሳሉን ስቆጥር ቆዳውን አላየሁም። ዛሬ ጥላ ሥር አስተኝቼ ከጆሮው እስከ ጭራው መዥገር ለቀምኩለት። ዘጠኝ ተገኘ።