የእማማ አስካለ የባቡር ሰዓት

ሰኞ
ተባረርኩ። ባህል አዳራሽ አካባቢ ሁለት ዓመት ከሠራሁበት ሰዓት ቤት። "ደንበኛ ፊት አዋረድሽኝ፣ ውጪ!" አለኝ ባለቤቱ ጋሽ ታደሰ። በአፌ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ ግን ከዛሬ ጀምሮ "እሱ" ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ አስካለ የሟች ባላቸውን የኪስ ሰዓት ይዘው መጡ። ሰውየው ድሬዳዋ ባቡር ነጂ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ የሰዓቱን ፊት ብቻ አየና "ይሄ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ቆጣሪውም አልዞር ብሏል። በግድግዳ ሰዓት ልለውጥልዎት" አላቸው። እኔ "ሰዓቱ አሮጌ ነው፣ የተቀየረው ፊቱ ነው። አልተበላሸምም" አልኩ። በቃ፣ ወንጀሌ ይኸው።

ማክሰኞ
ታሪክ የተማርኩት ለዚህ ነው። የኪስ ሰዓቶችን ዘመን በተራ ጻፍኩት፦
– የድሮዎቹ፦ ክዳን፣ ቀጫጭን የሮማ ቁጥር።
– በኋላ ለባቡር ሠራተኛ፦ ክዳን የለም፣ ደማቅ ትልልቅ ቁጥር፣ የሸክላ ፊት። ቆጣሪው በስህተት እንዳይዞር ማስተካከያው መስታወቱ ሥር ይደበቃል።
– የብረት ፊት፦ ከዚያም በኋላ።

የእማማ ሰዓት ፊቱ ብረት ነው፤ የሰከንድ ቆጣሪዋ ቀዳዳ ግን ትንሽ ወደ ጎን ሄዳለች። የራሱ ፊት አይደለም። ማስተካከያው ከሌለ ግን ጉድ ሆንኩ።

ረቡዕ
ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እማማ ቤት። መስታወቱን ጠምዝዤ ፈታሁት። ጠርዙ ላይ የጥፍር ጫፍ የምታክል ምላስ! ሳብኳት፣ አናቱ ላይ ያለውን መሙያ አዞርኩ፣ ቆጣሪው ዞረ። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት።

"ፊቱስ?" አልኳቸው።

"ባለቤቴ ጣለውና ሸክላው ተሰነጠቀ፣ በብረት አስቀየረው። ያ ጌታሽ መች አፌን አስከፈተኝ!"

በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር እንድሞላላቸው አዘዙኝ። ባቡር በሐበሻ ሰዓት አይነሳም አሉ።

ዓርብ
እማማ ያልነገሩት ሰው የለም። ዛሬ ጋሽ ታደሰ በሬ ላይ ቆሟል። ለጠብ መስሎኝ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እሱ ከኪሱ ሌላ ሰዓት አውጥቶ ሰጠኝ፣ መሙያ የሌለው።

"ይቺን በምን ልሙላት?"

"በቁልፍ። በዕድሜ ከባቡሩ ሰዓት ትቀድማለች። መጀመሪያ ግን ይቅርታ።"

"እሺ ይቅርታ። ነይ ሥራሽን ያዢ።"

"እማማንም ይቅርታ ይጠይቋቸው። ደህናውን ሰዓት ተበላሸ ብለዋቸው ነበር።"

"አንቺ ልጅ፣ ነገር ታበዣለሽ!"

"አበዛለሁ።"

አንገቱን አከከ። "ነገ ጠዋት እማማ ቤት እንሄዳለን" ብሎ ሄደ። ይምጣ አይምጣ እንጃ። ሰዓቱን ግን አልመለስኩለትም፤ እማማን ይቅርታ እስኪጠይቅ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።