ጣሪያው ተጠግኗል

ገብርዬ፣ የቤቴ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ከዝናብና ከእንግዳ ያረፈ ሰው ደህና ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት እምቢ ብሎኛል። ጣሪያውን በመጨረሻ አስጠግኜዋለሁ። የኤረር በሩ ግንበኛ በሦስት ቀን ጨረሰው። አንተ «ይህቺን ስንኝ ልጨርስና» እያልክ ስድስት ክረምት ያሳለፍክበት ሥራ መሆኑ ነው። አልጋችን ላይ የምንደቅነውን ሳፋ አሁን ልብስ አጥብበታለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሳፋ አይደለም። ያ ላቲንና ግሪክ አዋቂ ነኝ ያለው ፈረንጅ ሙሴ ትዝ ይልሃል? ከድሬዳዋ በበቅሎ መጥቶ ሁለት ወር ከማዕዳችን ያልጠፋው። በአገሩ በትልቅ ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ሲገባ ሰው ይነሣለታል ብለህ ነግረኸኝ ነበር። አንተ ላቲንህን በልጅነትህ ከሚሲዮን አባቶች የተማርክ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ «የሮማው ቄስ መጣ» እየተባለ የሚሳቅብህ፣ በስተርጅና የሚሰማህ ሰው አገኘህ። ፊትህ በርቶ ነበር። እኔም ዝም ያልኩት ያን ፊትህን አይቼ ነው። አንድ የጥንት ሮማዊ ስለ እርሻና ስለ ዝናብ የገጠመውን፣ አንተ አሥራ ስድስት ዓመት ደክመህ ወደ አማርኛ የመለስከውን፣ «ለአንድ ሳምንት ላንብበው» ሲልህ ደብተሩን እንዳለ ሰጠኸው። መልሶታል፤ ይህን አልክድም።

ሙሴው ያሳተመው መጽሐፍ በመጋቢት ደረሰ። የሚሲዮኑ ሽማግሌ አባ ከጓሯቸው ተቀምጠው የፈረንጅኛውን ክፍል እየተረጎሙ አነበቡልኝ። አማርኛው ያንተ ነው፤ ነጥቡ እንኳ አልተነካም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሱ ነው። አንተ ያለኸው በመግቢያው ውስጥ ነው፤ «ቀለም በማቅረብ የተባበረኝ አንድ የአገሬው ሰው» ይልሃል። ለዚህ ሥራው ኒሻን እንደተሰጠው ሲነግሩኝ አባ አንገታቸውን ደፉ።

ግን ስማኝ። ወረቀት እንዳይባክን ብለህ ፊደል ያስቆጠርከኝ በዚያው ደብተር ኅዳግ ላይ አልነበር? የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገሬን ስለ ዝናብ ከሚለው ስንኝ አጠገብ የጻፍኩት ተናድጄ ነው፤ «ጣሪያው ያፈሳል፤ ግንበኛ ጥራ»። ሊቁ እሱንም አሳትሞታል። ያንተ ማብራሪያ መስሎታል። ከሥሩ ግማሽ ገጽ ጨምሮ፣ የሐረር ሰዎች ጣሪያ የሚሉት ሰማይን ነው፣ ግንበኛውም ፈጣሪ ነው፣ ክረምት ሲገባ ይህን እንደ ጸሎት ይደግሙታል ብሎ ያስተምራል። አባ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ።

ሰውዬው በዚያው ጣሪያ ሥር ምሳ በልቷል። ሳህኑ ላይ ሲንጠባጠብበት ወንበሩን ፈቀቅ አድርጎ ስለ ሮማ ዝናብ ማውራቱን ሲቀጥል በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከሞተ ስንት ዘመን የሆነው ሰው የጻፈው ዝናብ ይገባዋል፤ ራሱ ላይ የሚወርደው አይገባውም። ለእንዲህ ያለው ነው የሚነሡለት። ያንተን አንድ ገጽ ሳይሰርቅ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር እያልኩ አስባለሁ፤ ምንም አይመጣልኝም።

አንተንም አልምርህም። መጽሐፍ ደጓሹ ጎረቤታችን አው ዑመር ያን ደብተር በቆዳ ሲለብጡልህ፣ የማን ስም ይታተምበት ብለው ጠይቀውህ ነበር። «ይተዉት፤ ስም ለመቃብር ነው» አልካቸው። አንተ ትሕትና ብለኸው ይሆናል፤ እኔ ስንፍና እለዋለሁ። ስምህን ብታስቀምጥ ኖሮ ሌባው ቢያንስ የሚፍቅበት ቢላ ይፈልግ ነበር። መቃብርህ ላይም ቢሆን ስም የለም፤ ድንጋይ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሙሴው ደብዳቤ ልኳል። ሌላ የተረጎምክበት ሁለተኛ ደብተር እኔ ዘንድ እንዳለ ሰምቷል። አይጥና እርጥበት ሳያጠፋው ለእውቀት ሲባል ላኪልኝ ይላል። አባን ምን ላድርግ ብላቸው፣ «ልጄ፣ እዚህ የሚያነበው የለም፤ እዚያ ደግሞ የገብረ ማርያም ነው የሚል የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሣጥን ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጥ ወይስ በሰው ስም ይነበብ? ሦስት ቀን እህል አልበላልኝም።

ለሙሴው መልሼለታለሁ። «ጣሪያው ተጠግኗል፤ ግንበኛውም ሄዷል» ብቻ ነው ያልኩት። ግማሽ ገጽ ይጻፍበት።

ሁለተኛውን ደብተር አው ዑመር ዘንድ ወሰድኩት። ገና ሳልናገር፣ «ወላሂ እህቴ፣ ያኔም ለምኜው ነበር» አሉኝ። የአማርኛ ፊደል ስለማያውቁ ስምህን ከነአባትህ እኔ በወረቀት ጻፍኩላቸው፤ እሳቸውም ያንኑ እያዩ ቆዳው ላይ አወረዱት። ስለዚህ ስምህ በእኔ ጠማማ ጽሕፈት ነው ያለው፤ የ«ማ» እግር እንኳ አልቀናም። ማንም የሌላ ሰው ነው ሊል አይችልም።

ላቲኑን አላውቀውም፤ ላውቀውም አልሻም። ግን በሕይወት እስካለሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ደብተሩን ከሣጥን አውጥቼ በደረቁ ቤታችን መካከል እቀመጥና ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ መጀመሪያ ስምህን።

ያንተው አስካለ